ግራሚ እና ከጀርባው ያለው ተቋም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግራሚን የሚሰጠው ማን ነው?

ሬኮርዲንግ አካዳሚ የሚባል የአሜሪካ የሙዚቃ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ለትርፍ የቆመ አይደለም። አባላቱ ዘፋኞች ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዜማና የግጥም ደራሲዎች፣ አቀናባሪዎች፣ ፕሮዲውሰሮች፣ ስቱዲዮ ተቀምጠው ድምፅ የሚቀርጹና ሚክስ የሚያደርጉ ኢንጂነሮች፣ ሌላው ቀርቶ የአልበም ሽፋን የሚሠሩ ሰዎችም አሉበት።

የተመሠረተው በ1957 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። አጀማመሩ ደስ ይለኛል። ሆሊውድ ውስጥ የዝነኞች ስም ያለባቸው ኮከቦች የእግረኛ መንገድ ላይ ሊነጠፉ ታሰበ። የሸክላ ኩባንያ ኃላፊዎችም ከሙዚቃው ዓለም ማን ማን ይግባ ተብለው ስም እንዲያወጡ ተጠየቁ። ዝርዝሩን ሲሠሩ አንድ ነገር ገባቸው። ለኮከቡ የሚያበቃ ዝና የሌላቸው፣ ግን ሙዚቃውን ተሸክመው የኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። እነሱን የሚያመሰግን የለም። ማኅበሩ የተወለደው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ግራሚ ሜይ 4 ቀን 1959 በቤቨርሊ ሂልተን ሆቴል ተሰጠ። በዚያው ምሽት ኒውዮርክም ሌላ ድግስ ነበር። ሽልማቱ 28 ብቻ ነበር። በ2024 ዘርፎቹ 94 ደርሰዋል።

ስሙ ከየት መጣ? ሽልማቱስ ወርቅ ነው?

ከግራሞፎን ነው። በእጅ እየተጠመዘዘ ሸክላ የሚያጫውተው፣ ቀንድ የመሰለ ጡሩንባ ያለው አሮጌ ማጫወቻ። ሽልማቱም የእሱ ትንሽ ምስል ነው።

ወርቁ ላዩ ላይ ብቻ ነው፤ ውስጡ የብረት ቅልቅል ነው። የሚሠራው ኮሎራዶ ተራሮች ሥር፣ ሪጅዌይ በምትባል ትንሽ ከተማ ባለ ወርክሾፕ ነው። ጥቂት ሰዎች በእጃቸው ያቀልጣሉ፣ ይሞርዳሉ፣ ይገጣጥማሉ። ለቅልቅሉም ግራሚየም የሚል ስም አውጥተውለታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። አሸናፊው መድረክ ላይ አቅፎ የሚያለቅስበት ግራሚ የሱ አይደለም። ስም ያልተጻፈበት የመድረክ ዕቃ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ሲደርስ ይቀበሉትና ለሚቀጥለው ሰው ያዘጋጁታል። የራሱ፣ ስሙ የተቀረጸበት ቆየት ብሎ ይላክለታል። አሸናፊው ማን እንደሆነ ፖስታው እስኪከፈት ስለማይታወቅ ስሙን አስቀድሞ መቅረጽ አይቻልማ።

አሸናፊው ስንት ብር ያገኛል?

ምንም። ግራሚ የገንዘብ ሽልማት የለውም። ገንዘቡ የሚመጣው በኋላ፣ በኮንሰርት ዋጋና በአልበም ሽያጭ ነው።

በእጅ ገንዘብ የሚሰጠው ለዘፋኝ ሳይሆን ለአስተማሪ ነው። አካዳሚውና የግራሚ ሙዚየም ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ይመርጣሉ። ተሸላሚው 10,000 ዶላር ይቀበላል። ይሄኛው ሽልማት በሰበር ዜና ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

"ሪከርድ ኦፍ ዘ ይር" እና "ሶንግ ኦፍ ዘ ይር" አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። በየዓመቱ ሰው ከሚደናገርባቸው ነገሮች አንደኛው ይሄ ነው። ሶንግ የሚባለው የድርሰቱ ሽልማት ነው። ወረቀት ላይ ያለው ግጥምና ዜማ ይመዘናል፤ የሚሸለመውም ደራሲው ነው። ዘፋኙ ራሱ ካልደረሰው ባዶ እጁን ይቀራል።

ሪከርድ ደግሞ የተቀረጸው ሥራ ነው። ድምፁ፣ ቅንብሩ፣ ሚክሱ። እዚህ ዘፋኙም፣ ፕሮዲውሰሩም፣ ኢንጂነሩም ይሸለማሉ። አልበም ኦፍ ዘ ይር ከአንድ ዘፈን አልፎ ሙሉውን አልበም ነው የሚያየው።

በቴሌቪዥን ያየሁት አሥር ምናምን ሽልማት ነው። የቀረው የት ሄደ?

ቀን ላይ አልቋል። ከዋናው ዝግጅት በፊት በዚያው ዕለት ሌላ ሥነ ሥርዓት አለ፤ አብዛኛው ሽልማት እዚያ ይሰጣል። ጃዙ፣ ክላሲኩ፣ የኢንጂነሮቹ፣ የአልበም ሽፋኑ፣ ሁሉም እዚያ ነው። በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል።

እውነቱን ለመናገር ከዋናው ይልቅ ይሄኛው ይጥመኛል። ለሠላሳ ዓመት ስቱዲዮ የተቀመጠ ሰው ስሙ ሲጠራ ከኋላ ወንበር ሮጦ ይመጣል። ዋናውን በቀጥታ እከታተላለሁ ያለ የአዲስ አበባ ሰው ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት አለበት። ሰኞ ሥራ ላይ ማንቀላፋት እንግዲህ የራሱ ዕዳ ነው።

የሚመርጠው ማን ነው? ሕዝብ በስልክ ድምፅ ይሰጣል?

ሕዝብ አይመርጥም። የዩቲዩብ ዕይታም ሆነ የሽያጭ ቁጥር በደንቡ ቦታ የለውም። ድምፅ የሚሰጡት ከ10 ሺህ በላይ የሆኑ የአካዳሚው ድምፅ ሰጪ አባላት ናቸው። ድምፅ ሰጪ ለመሆን ራስህ ሙዚቃ የምትሠራ መሆን አለብህ። የኩባንያ ጠበቃ ወይም የማስታወቂያ ሰው አባል ሊሆን ይችላል፤ ግን አይመርጥም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሥራዎቹ ይገባሉ። ከዚያ ባለሙያዎች ተቀምጠው ይሄ ሬጌ ነው ወይስ ፖፕ እያሉ ይለያሉ፤ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይሉም። በአንደኛው ዙር ድምፅ ዕጩዎቹ ይለያሉ፣ በሁለተኛው አሸናፊው። አንድ መራጭ ከስድስቱ አጠቃላይ ዘርፎች ሌላ ከ10 ዘርፍ በላይ መምረጥ አይችልም። የጃዝ ሰው ስለ ካንትሪ እንዳይፈርድ ነው። ቆጠራውን የሚሠራው ዴሎይት የሚባለው የኦዲት ድርጅት ነው።

"እገሌ ለግራሚ ታጨ" የሚል ፖስት አየሁ። እውነት ነው?

አንዳንዴ ነው፣ ብዙ ጊዜ አይደለም። ሥራን ማስገባት እና መታጨት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሥራው በውድድሩ ጊዜ ውስጥ አሜሪካ ገበያ ላይ ከወጣ፣ አባል የሆነ ሰው ወይም የተመዘገበ የሙዚቃ ኩባንያ ሊያስገባው ይችላል። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሥራ ይገባል። የገባው ሁሉ በአንደኛው ዙር የድምፅ መስጫ ላይ ይሰፍራል። አንዳንዱ ታዲያ ያንን ገጽ ፎቶ አንስቶ "ታጭቻለሁ" ይላል። ሰዉም እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል።

ዕጩ የሚባለው ከአንደኛው ዙር ድምፅ በኋላ ስሙ በይፋ የተነገረ ብቻ ነው። በአብዛኞቹ ዘርፎች አምስት ይሆናሉ። ማጣራት ቀላል ነው፤ የአካዳሚው ድረ ገጽ ላይ የየዓመቱ ዝርዝር አለ። እዚያ ከሌለ የለም።

ሽልማቱ የአንድ ቀን ነው። ድርጅቱ የቀረውን ዓመት ምን ይሠራል?

ለኔ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። አካዳሚው በ1989 ሚውዚኬርስ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። ሥራው አንድ ነው፤ የተቸገረ የሙዚቃ ሰውን መርዳት። የቤት ኪራይ፣ የሆስፒታል ሂሳብ፣ የጥርስ ሕክምና፣ የቀብር ወጪ፣ ከሱስ መላቀቂያ ሕክምና። ለሱስ የተጠቁ ሙዚቀኞችን ይረዳ የነበረ ሌላ ድርጅትም በ2004 ተቀላቅሎታል።

ለምን ያስፈልጋል የሚል ካለ የሙያውን ኑሮ ይይ። አብዛኛው ሙዚቀኛ ደሞዝተኛ አይደለም። ከሠራ ይበላል፣ ካልሠራ ጦሙን ያድራል። ባሲስቱ እጁን ቢሰበር የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው አለቃ የለውም፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኢንሹራንስ ከሌለህ አንድ ቀን ሆስፒታል ማደር ዕዳ ውስጥ ይነክርሃል። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅ ጥሩምባውንና ከበሮውን ውሃ የወሰደበት ሙዚቀኛ ስፍር ቁጥር አልነበረውም። በማርች 2020 ኮቪድ መድረኩን ሁሉ ሲዘጋም አካዳሚውና ሚውዚኬርስ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ዶላር አውጥተው የእርዳታ ፈንድ ከፈቱ።

ትንንሽ የሚመስሉ ሥራዎችም አሉ። ሚውዚኬርስ ለሙዚቀኞች የሚከፍተውን የጆሮ ክሊኒክ ውሰዱ። ባለሙያዋ ለስላሳ ሊጥ የመሰለ ነገር ጆሮህ ውስጥ ትሞላለች። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃ ስታወጣው የጆሮህ ቅርጽ ወጥቶበታል። በሱ ልክ መድፈኛ ይሠራልሃል። ሙዚቃው ሳይበላሽ ጩኸቱን ብቻ ይቀንሳል። ከበሮ መቺ ጓደኛ ያለው ሰው ጥቅሙ ይገባዋል። በአርባ ዓመቱ "ምን አልከኝ?" ማለት የጀመረ አንድ አውቃለሁ።

የተረዳ ሰው ምሳሌ አለ?

የሚረዷቸው ሰዎች ስም በአብዛኛው አይነገርም፤ መነገርም የለበትም። አንዱን ግን ዝነኛው አሜሪካዊ ዘፋኝ ቦብ ዲላን ራሱ ተናግሮታል። በ2015 ሚውዚኬርስ የዓመቱ ሰው ብሎ ሲያከብረው ከግማሽ ሰዓት በላይ ንግግር አደረገ። ዲላን በመድረክ ላይ ብዙም የማያወራ ሰው ነው። መጨረሻ አካባቢ ቢሊ ሊ ራይሊ የሚባል የ1950ዎቹ የሮክ አንድ ሮል ዘፋኝ አነሳ። በአንድ ዘፈን ታውቆ ከዚያ የተረሳ ሰው ነው። ዲላን በወጣትነቱ ያደንቀው ነበር።

ራይሊ ሲታመም ሚውዚኬርስ ለስድስት ዓመት ደገፈው። የሐኪሙን ሂሳብ ከፈሉለት፣ የቤቱን ዕዳ አገዙት፣ የኪስ ገንዘብም ሰጡት። በ2009 አረፈ። ዲላን ግብዣውን የተቀበለበት አንዱ ምክንያት ይሄ ውለታ መሆኑን እዚያው ተናግሯል። የኪስ ገንዘቧ ነገር ነው እኔን የነካችኝ። ታሞ የተኛ ሰው መድኃኒት ብቻ አይደለም የሚያምረው።

"የዓመቱ ሰው" የሚባለው ሌላ የግራሚ ዘርፍ ነው?

አይደለም፤ የሚውዚኬርስ የራሱ ክብር ነው። በ1991 በዴቪድ ክሮዝቢ ተጀመረ። ከዚያ ስቲቪ ወንደር፣ አሬታ ፍራንክሊን፣ ፖል ማካርትኒ፣ ዶሊ ፓርተን ተከብረዋል። በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ ክብሩ ለባንድ ሆነ፤ ለፍሊትውድ ማክ።

ዘዴው ብልህ ነው። በግራሚ ሰሞን አንድ ትልቅ ስም ይመረጣል። ሌሎች ዘፋኞች የሱን ዘፈኖች እየተነሱ ይጫወታሉ። ሀብታሞች ለእራት ጠረጴዛው ጠቀም ያለ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ጨረታም ይካሄዳል። ገቢው ለፈንዱ ነው። ክብሩ የዝነኛው፣ ብሩ የችግረኛው።

ሐበሻ ሙዚቀኛስ ከዚህ ሊጠቀም ይችላል?

ሚውዚኬርስ የተቋቋመው በአሜሪካ የሙዚቃ ኢንዱስትሪ ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ዲሲ ውስጥ ኪቦርድ እየተጫወተ የሚተዳደር ሰው መጠየቅ ይችላል። ዝነኛ መሆን አይጠበቅበትም፣ የአካዳሚው አባል መሆንም ግድ አይደለም። በሙዚቃ ሥራ መቆየቱን ግን በማስረጃ ማሳየት አለበት። ስለዚህ የተጫወትክበትን ውል፣ የተከፈለህን ደረሰኝ፣ ስምህ ያለበትን የአልበም ሽፋን አትጣል። የኛ ሰው እዚህ ላይ ሰነፍ ነው፤ ሁሉም ነገር በቃል ነው።

አገር ቤት ላለ ሰው በሩ ገና ጠባብ ነው። በ2024 አካዳሚው ወደ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ሥራውን ለማስፋት እንደተነሳ አስታውቋል፤ ኬንያና ሩዋንዳ ከተጠቀሱት አገሮች መካከል ናቸው።

ለግራሚ የታጨ ኢትዮጵያዊ አለ?

አለ። በ2009 አንድ ደስ የሚል ነገር ሆኖ ነበር። በአንድ ዘርፍ፣ በአማራጭ የከተማ ሙዚቃ፣ ኢትዮጵያ የተወለዱ ሁለት ሰዎች በአንድ ላይ ታጩ፤ ዋይና እና ኬና። ሁለቱም ያደጉት አሜሪካ ነው። ሽልማቱን ሌላ ሰው ወሰደው፣ ግን ከአምስት ዕጩ ሁለቱ የኛ ልጆች ነበሩ።

ካሸነፉት ትልቁ ዘ ዊክንድ፣ አቤል ተስፋዬ ነው። ቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ በአያቱ አማርኛ ያደገ ልጅ፣ አራት ግራሚ አለው። በ2024 ደግሞ የአፍሪካ ሙዚቃ ዘርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸለመ፤ ደቡብ አፍሪካዊቷ ታይላ ወሰደችው። የዘርፉ ደንብ ከሚዘረዝራቸው ስልቶች አንዱ ኢትዮ ጃዝ ነው። በስም ተጽፏል። አላወቅንበትም እንጂ ወንበር ተይዞልናል።

አቤል ከግራሚ ጋር የተጣላው በምን ነበር?

በ2020 የአቤል ዘፈን "ብላይንዲንግ ላይትስ" የዘፈኖችን ደረጃ በሚያወጣው የአሜሪካው ቢልቦርድ የዓመቱ ዝርዝር አንደኛ ነበር። ኖቬምበር ላይ ዕጩዎች ሲነገሩ የአቤል ስም አንድም ቦታ የለም። እሱም ግራሚ የተበላሸ ነው፣ ግልጽነት አለባችሁ ብሎ በአደባባይ ጻፈ። ቀጥሎም ከእንግዲህ ሥራዬን አላስገባም አለ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። ያኔ በብዙ ዘርፎች የአባላቱ ድምፅ የመጨረሻ አልነበረም። ስማቸው የማይገለጽ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ከብዙ ድምፅ ካገኙት መካከል ዕጩዎቹን ይለይ ነበር። ለምን እንደተውህ የሚነግርህ የለም። በኤፕሪል 2021 አካዳሚው እነዚህን ኮሚቴዎች አፈረሰ። አቤል ብቻውን አመጣው ማለት ይከብዳል፤ ቅሬታው ቀድሞም ነበር። የሱ ጩኸት ግን በጣም የተሰማው ነው። ፌብሩዋሪ 2025 የአካዳሚው ዋና ኃላፊ ሃርቪ ሜሰን ጁኒየር ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ለውጡ ከተናገረ በኋላ አቤልን ጋበዘው። ቀድሞ ሳይነገር ስለነበር አዳራሹ ደነገጠ።

ግራሚ ከተሰጠ በኋላ ተነጥቆ ያውቃል?

ያውቃል። ሚሊ ቫኒሊ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በ1990 የዓመቱ ምርጥ አዲስ አርቲስት ተባሉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር አልበሙ ላይ የዘፈኑት እነሱ እንዳልሆኑ ታወቀ፤ አፋቸውን ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሱት። ሽልማቱ ተመለሰ። ለሌላ ሰውም አልተሰጠም።

በአርቴፊሻል ኢንተሊጀንስ የተሠራ ዘፈን ይወዳደራል?

ማሽን ብቻውን የሠራው አይወዳደርም። በ2023 የወጣው ደንብ ተሸላሚ የሚሆነው የሰው ልጅ ብቻ ነው ይላል። ሰው ቴክኖሎጂውን እንደ መሣሪያ ከተጠቀመበት ግን፣ የሰውየው ድርሻ ቁም ነገር ያለው እስከሆነ ድረስ ችግር የለም።

ምሳሌው ቢትልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ "ናው ኤንድ ዜን" የሚለው ዘፈን ነው። የባንዱ አባል ጆን ሌነን ቤቱ ፒያኖ ላይ ሆኖ በካሴት የቀዳው ነበር። ድምፁ ከፒያኖው ጋር ተጣብቆ ለዓመታት አልለይ ብሎ ነበር። በዘመኑ ቴክኖሎጂ ተለየ። ዘፋኙም ደራሲውም ሰው ናቸው፤ በ2025 በሮክ ዘርፍ ግራሚ አሸንፏል።

ይህን ያህል የሚታማ ድርጅት ምስጋና ይገባዋል?

ሐሜቱ አለ፣ ብዙውም እውነት ነው። በ2018 ሴቶች ለምን ጥቂት ሆኑ ተብለው የተጠየቁት የዚያን ጊዜ ኃላፊ ሴቶቹ ራሳቸው ይበርቱ የሚል መልስ ሰጡ። ቁጣው ቀላል አልነበረም፤ በዓመቱ ከኃላፊነት ለቀቁ። ቢዮንሴ ከማንም በላይ 35 ግራሚ ይዛለች፤ የዓመቱን አልበም ግን እስከ 2025 ድረስ አልሰጧትም ነበር። ይሄ የመራጮቹ ዕዳ ነው።

እኔ ግን ሁለቱን ለይቼ ነው የማየው። ሽልማቱ ላይ እንከራከር፤ ለመከራከሪያ የተፈጠረ ነው። የእርዳታው በኩል ሌላ ነው። በጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ በሰደድ እሳት ስትነድ ዝግጅቱን ከመሰረዝ ይልቅ ለተጎጂዎች ገንዘብ ማሰባሰቢያ አደረጉት። ስቱዲዮው ለተቃጠለበት ኢንጂነር የዓመቱ አልበም ማን ወሰደ የሚለው ጉዳዩ አይደለም።

ማመስገን የፈለገ ሰው ምን ያድርግ?

ገንዘብ ያለው ለሚውዚኬርስ ይሰጣል፤ ማንም ሰው መለገስ ይችላል። የሌለው ደግሞ የሚወደውን አልበም ያውጣና ከዘፋኙ ስም በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፉትን ስሞች ያንብብ። ማን ቀረጸው፣ ማን ቤዝ ተጫወተ፣ ማን ሚክስ አደረገው። በስልክ የሚሰማም ቢሆን "ክሬዲት" የምትለዋን መንካት ነው።